ኪንታሮት ያልኩት ደም

ደሙን መጀመሪያ ያየሁት ሜዳ ላይ ነው። ሱዳን ውስጥ ከዶካ ከተማ ራቅ ባለ የማሽላ እርሻ ላይ ትራክተር እነዳ ነበር። እዚያ ሽንት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ የቸኮለ ሰው ወደ ማሽላው ገባ ብሎ ይመለሳል። ጨርሼ ስነሣ ዞር ብዬ አየሁ። ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ጠቆር ያለ ደም ነበር። ብዙ አይደለም። አላመመኝም። ሱሪዬን ታጥቄ ወደ ትራክተሬ ተመለስኩ።

ጌታሰው እባላለሁ። የመተማ ቆላ ልጅ ነኝ። በወጣትነቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ተሻገርኩና በዚያው ቀረሁ። ትራክተር መንዳት የተማርኩት ገዳሪፍ ነው፤ ትዳር የያዝኩትም እዚያው ነው። ባለቤቴ ዘነቡ ገበያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ይህ ነገር ሲጀምረኝ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወባ በቀር አልጋ ላይ የጣለኝ በሽታ አላውቅም። ስለዚህ ካንሰር የሚለው ቃል በአጠገቤ አላለፈም። እንዲህ ዓይነት ደም አይቶ ዝም ያለ ሰው ይህን ካነበበ ብዬ ነው የምጽፈው።

በእኛ ሥራ ላይ አንድ የታወቀ አባባል አለ፦ ትራክተር ነጂና ኪንታሮት አይለያዩም። ቀኑን ሙሉ የጋለ ወንበር ላይ ተቀምጠን በጉድባው ስንንገጫገጭ ስለምንውል ሁሉም ሰው አንድ ቀን ደም ያያል ይባላል። አብረውኝ ለሚሠሩት ስነግራቸው ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር ከኪሱ ቅባት አውጥቶ ሰጠኝ። ቅባቱ ቀዝቀዝ ሲያደርገኝ የተሻለኝ መሰለኝ። ደሙ አንዳንድ ሳምንት ይጠፋል፤ አንዳንድ ሳምንት ይመለሳል። ሲጠፋ እረሳዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ቀስ ያለ ነበር። ሰገራዬ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ሰሞን ይደርቅብኛል፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ተቅማጥ ይሆናል። ሽንት ቤት ደርሼ ስወጣ እንዳልጨረስኩ ይሰማኛል፤ ተመልሼ ስገባ ምንም የለም። በግራ በኩል ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ ቁርጠት ጀመረኝ። ወደ ትራክተሩ ለመውጣት እግሬን ሳነሣ ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል። ገበያው ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ያየኝ ሰው የት እንደሚያመኝ ጠየቀኝ እንጂ አልጋው ላይ አውጥቶ አላየኝም። የኪንታሮት መድኃኒትና የደም ማነስ ኪኒን ጽፎ ሸኘኝ።

መዘናጋቴን ያስቆመችው ዘነቡ ናት። የሰው ልክ መውሰድ ሥራዋ ስለሆነ ዓይኗ ወገብ ላይ ነው። አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ በሩ ላይ እንደቆምኩ ሜትሯን ወገቤ ላይ አዞረችው።

«አንተ፣ ሱሪህን ሁለት ጊዜ አጠበብኩልህ። አሁንም ይወርዳል።»

«ሥራው ነው። ደግሞ ኪንታሮቱ...»

«ኪንታሮት ሰው አያከሳም። እናቴም ነበረባት፤ ወፍራም እንደሆነች ነው የሞተችው። ነገ ትመረመራለህ።»

በማግሥቱ በራክሻ፣ ባጃጅ በምንለው፣ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ወሰደችኝ። ሁለት ነገር አዩልኝ። አንደኛው ሂሞግሎቢን ነው፤ የደሜ መጠን ከሚገባው በጣም ወርዶ ተገኘ። ሁለተኛው በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ትንሽ ሰገራ በዕቃ ትሰጣለህ፤ አያምም፣ አይቆይም። የእኔ ፖዘቲቭ ሆነ። የላቦራቶሪው ሰው ይህ ምርመራ ካንሰር አለ አይልም፣ የለም አይልም፤ የሚለው በቱቦ ካሜራ ውስጡ ይታይ ነው ብሎ አስረዳኝ። ኮሎኖስኮፒ የሚለውን ቃል ያን ቀን ሰማሁ። ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ያ የሰገራ ምርመራ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ለእኔ ለዓይን የሚታይ ደም እየፈሰሰኝ ስለነበር ዱሮውንም በቀጥታ ወደ ካሜራው መሄድ ነበረብኝ።

ለኮሎኖስኮፒው ተራ ያዙልኝ። ተራው ራቅ ያለ ነበር፤ ጦርነቱ ካርቱምን ካፈረሰ ወዲህ የግማሽ አገር በሽተኛ ገዳሪፍ ላይ ተከማችቷል። በመሀል ኸሪፍ ገባ። ክረምቱን ነው በዚህ አገር ኸሪፍ የሚሉት። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ማረስ ሲጀመር ትራክተር ነጂ ቤቱ አይቀመጥም። ዘነቡ አትሂድ አለችኝ። ተራዬ እስኪደርስ ብዬ ሄድኩ።

እርሻው ላይ ሆዴ ተነፋ።

መጀመሪያ ፈስ ቆመ። ሰገራም ቆመ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ቁርጠቱ እየመጣ ይሄዳል፤ ሲመጣ መሬት እጨብጣለሁ። ውኃ ስጠጣ አስመለሰኝ። ቀጥሎ የሚወጣው ቢጫ ሆነ። በኋላ ሽታው የሰገራ ሆነ። ያኔ ፈራሁ።

የእርሻው ወኪል ዑስማን የሚባል የገዳሪፍ ሰው ነው። ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚቆጣጠር እሱ ነው፤ ኃይለኛ ነው፤ ሲቆጣ ከሩቅ ይሰማል። መጥቶ ሆዴን በእጁ ነካ አደረገ። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው እንደ ሙጫ ስለሚይዝ መኪና አይገባም። ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር አሠረው፤ ጆንያ አነጠፈ፤ ራሱ ሊነዳ ወጣ።

«ያ ጌታ፣» አለኝ በዓረብኛ፣ አንተ ጌታ ለማለት፣ ስሜን ሁልጊዜ እንደሚያሳጥረው፣ «ሲያምህ ጩህ። ሳልሰማህ ዝም ብለህ አትሙትብኝ።»

ጮህኩ። እያንዳንዱ ጉድባ ሆዴን ወጋኝ። ዝናቡ ፊቴን ይመታኛል። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ሎሪ አስቆመ። አብሮኝ ወጣ። ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ራጅ አነሡኝ። በአፍንጫዬ ቱቦ አስገቡ። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሃሺም ይባላል፤ ካርቱም ይሠራ የነበረ፣ ጦርነቱ ቤቱን ያሳጣው ሰው ነው። ጓንት አድርጎ በጣቱ መረመረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። እሱ ግን ስለ ዝናቡ እያወራ ሥራውን ሠራ።

«አንጀትህ ተዘግቷል፣» አለኝ። «የዘጋው ምን እንደሆነ ከፍቼ ነው የማየው። ዛሬ ካልከፈትኩህ ይፈነዳል። ስትነቃ ሆድህ ላይ ከረጢት ታገኝ ይሆናል። ትፈቅዳለህ?»

ዑስማን በስልክ ጠርቷት የመጣችውን ዘነቡን አየኋት። እሺ በል ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፈቀድኩ።

ደም ያስፈልግ ነበር። ዑስማን እጅጌውን ሰበሰበ። የሎሪው ሾፌርም ሰበሰበ። የሾፌሩን ስም እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ነቃሁ። ሆዴ መሀል ላይ ረጅም ስፌት ነበር። በግራ በኩል ቀይ፣ እርጥብ፣ የከንፈር ሥጋ የሚመስል ነገር ከቆዳዬ ወጥቷል። በላዩ የፕላስቲክ ከረጢት ተለጥፏል። አንጀቴ ነው። ኮሎስቶሚ ይባላል። ሰገራ ከዚያ በኋላ በዚያ ነው የሚወጣው፤ ሲመጣ አትይዘውም፣ አታዝዘውም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ዘነቡ ስታናግረኝ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳብኩ።

ዶክተር ሃሺም የታመመውን የአንጀት ክፍል ቆርጦ አውጥቶታል። ሲግሞይድ የሚባለው፣ ትልቁ አንጀት ወደ ፊንጢጣ ከመድረሱ በፊት የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ዕጢው ዙሪያውን እንደ ቀለበት አንቆት ነበር። ሲያወጣ በአካባቢው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች፣ ንፍፊት የምንላቸውን፣ አብሮ አወጣ። ሁሉም ለፓቶሎጂ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ደረቴንና ሆዴን በሲቲ ስካን አዩኝ፤ ሲኢኤ የሚባል የደም ምርመራም አደረጉ። ሲኢኤ ለብቻው በሽታውን አይለይም፤ በኋላ ለሚደረግ ክትትል ግን መነሻ ይሆናል አሉኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሃሺም ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰው ይገባዋል።

«ካንሰር ነው፣» አለኝ። «ስሙ አዴኖካርሲኖማ ነው። በትልቁ አንጀት ላይ ከሚወጡት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ከውስጠኛው ሽፋን ነው የሚነሡት። ሌላ ዓይነት ደግሞ ሊምፎማ አለ፣ ካርሲኖይድ አለ፣ ጂስት አለ፤ እነሱ ጥቂት ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ሌላ ነው። ለዚህ ነው የፓቶሎጂው ወረቀት ሳይመጣ ምንም ያልነገርኩህ።»

«ደረጃው?» አልኩት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ።

በጣቱ ብርድ ልብሴ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። አንደኛው ደረጃ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ የተወሰነ ነው። ሁለተኛው ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጪ የገፋ ነው። ሦስተኛው ንፍፊቶቹ ውስጥ የገባ፣ አራተኛው እንደ ጉበትና ሳንባ ወዳለ ሌላ አካል የተሻገረ ነው።

«ያንተ ሦስተኛ ነው። ሲቲ ስካኑ ጉበትህንና ሳንባህን ንጹሕ ነው ይላል።»

«እድናለሁ?»

«ልትድን ትችላለህ። ትድናለህ ብዬ ግን አልምልልህም። የቀረ የማይታይ ዘር ካለ እንዲያጠፋው ኪሞቴራፒ ትወስዳለህ። ከረጢቱም ለዘለዓለም አይደለም፤ መድኃኒቱን ስትጨርስ መልሼ እገጥመዋለሁ።»

አለመማሉ ነው ያሳመነኝ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ስልክ የሚደውል ሁሉ ይምልልኝ ነበር።

ከረጢቱን መቀየር አልቻልኩም። ነርሷ አሳየችኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከእሱ አሸሻለሁ። ሲያፈስስ ቆዳዬ ተላጠ። ዘነቡ ልታግዘኝ ስትቀርብ እቆጣት ጀመር። አንድ ቀን ነርሷ ከሴቶች ክፍል አንዲት ሴት ይዛ መጣች። ከስታለች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ተከናንባለች። ለተብርሃን ትባላለች፤ ትግራይ ተወልዳ፣ ከትግራዩ ጦርነት ሸሽታ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ የምትኖር፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ሴት። በአገራችን ከሆነው በኋላ የጎንደር አማርኛዬን ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች ብዬ ተሳቀቅሁ። እሷ ግን ቀሚሷን በጎን ከፍ አድርጋ ሆዷን አሳየችኝ። እንደ እኔው ከረጢት አለ። ዙሪያውን ያለው ቆዳ የሕፃን ቆዳ ይመስላል።

«እየው፣ ወደይ፣» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። «ይሄ ቁስል አይደለም። አንተ እንደ ቁስል ስለምትፈራው ነው የሚያፈስብህ። ተነሥ፣ ታጠብ፣ አሳይሃለሁ።»

የእሷ ካንሰር የታችኛው አንጀት፣ ሬክተም ላይ ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀመር ካርቱም በጨረርም በቀዶም ታክማለች፤ ቦታው ለፊንጢጣ በጣም ቅርብ ስለነበረ ከረጢቷ የማይመለስ ሆነ። በኋላ ጉበቷ ላይ ስለታየ ለኪሞቴራፒ ትመላለስ ነበር። እኔን ያስተማረችኝ ይህ ነው፦ ቆዳውን በለብታ ውኃ ብቻ ማጠብ፣ ጠብ እንዳይል አድርጎ ማድረቅ፣ የከረጢቱን ቀዳዳ በአንጀቱ ልክ መቁረጥ፣ ሲሶው እንደሞላ ማፍሰስ፣ እየታጠበ የሚያገለግለውን እያጠቡ መጠቀም። ከረጢት በጦርነቱ ምክንያት እንደልብ አይገኝምና ዘነቡ ክብደቱን የሚይዝ ከቀጭን ጨርቅ የተሠራ መቀነት ሰፋችልኝ። ለተብርሃን አይታ ወደደችው፤ ለእሷም ሰፋችላት። ከዚያ ነርሷ ለሌሎች በሽተኞችም እንድትሰፋ አዘዘቻት። ባለቤቴን እንድትነካኝ የፈቀድኩላት መቀነቱን ስትለካኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግን ፈራሁ። ከረጢት ድምፅ ያወጣል፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያስቀድስ ሊጮህብኝ ይችላል። ይህን ለአደይ ለተብርሃን ነገርኳት፤ አደይ እያልኩ ነበር የምጠራት፣ እናቴ እንደማለት።

«ስማኝ፣» አለችኝ፣ «አንጀታችንን የሠራው እሱ አይደለም? ድምፁን አያውቀውም?»

እሑድ ሄድኩ። ከኋላ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ጮኸ። ከጎኔ የነበረው ሰው ዞር ብሎ አላየኝም።

ኪሞቴራፒ የጀመርኩት ስፌቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ኦክሳሊፕላቲን በደም ሥር ይሰጠኛል፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ካፔሲታቢን የሚባል ኪኒን ለሁለት ሳምንት እውጣለሁ፤ አንድ ሳምንት አርፌ እንደገና። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደሜን ያያሉ። አንድ ጊዜ ነጭ ደም ሴሌ ስለወረደ ዙሩ ተላለፈ፤ ሌላ ጊዜ መድኃኒቱ ከፖርት ሱዳን ሳይደርስ ቀርቶ ተላለፈ። ሁለቱንም ጊዜ የሞትኩ ያህል ደነገጥኩ፤ ዶክተሩ ጥቂት መዘግየት አይገድልም አለኝ።

ስለ ኦክሳሊፕላቲን ማንም በደንብ ያልነገረኝ ነገር ብርድን ነው። ገዳሪፍ በበጋ እሳት ነው። በየሱቁ ደጅ ለአላፊ አግዳሚ የሚቀመጥ ዚር የሚባል ትልቅ የሸክላ ጋን አለ፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ከመጀመሪያው ዙር ወጥቼ ስሄድ እንደልማዴ በጣሳ ቀድቼ ተጎነጨሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ የመስታወት ስባሪ የገባ መሰለኝ። ትንፋሼ የተዘጋ መስሎኝ መሬት ተቀመጥኩ። የጣሳው ብረት እንኳ ጣቶቼን ነዘረኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሙቀት ለብ ያለ ውኃ ነበር የምጠጣው፤ ያየ ይስቅብኛል። ኪኒኑ ደግሞ መዳፌንና የእግሬን ውስጥ አቀላው፣ ላጠው። ዘነቡ ቅባት ቀብታ ካልሲ ታጠልቅልኛለች። አፌ ቆሰለ፤ ማቅለሽለሹ አልለቀኝም። በዚያ ላይ ዓቢይ ጾም ገባ። ነፍስ አባቴ እንቁላልና ወተት እንድበላ አዘዙኝ፤ ጸበሉንም እየጠጣህ መድኃኒቱንም እየወሰድክ ኑር፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አሉኝ። እኔም ሁለቱንም አደረግኩ።

አደይ ለተብርሃን በመጨረሻ ዙሬ አልመጣችም። ዓይኖቿ ቢጫ ሆነው ነበር። ዘነቡና እኔ ቱነይድባ ሄድን። ድንኳኗ ውስጥ ተኝታ ነበር። ልጇ ምሕረት እግሯን ታሻታለች። አወቀችኝ። ከረጢትህ ያፈሳል ወይ አለችኝ። አያፈስም አልኳት። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ቀበርናት። ሰባት ቤተሰብ ከእኛ ጋር ቆመ፤ ግማሹ በትግርኛ፣ ግማሹ በአማርኛ አለቀሰ።

ሐኪሞቹ ኪሞቴራፒውን ስጨርስ ያን ሳላደርገው ቀርቼ የነበረውን ኮሎኖስኮፒ አደረጉልኝ። በመጀመሪያ አንጀቴ ተዘግቶ ስለነበር ከዕጢው በላይ ያለውን ማየት አልተቻለም ነበርና የቀረውን በሙሉ ማየት ግዴታ ነው። ሰው የሚፈራው ካሜራውን ነው፤ ከባዱ ግን ዝግጅቱ ነው። ዱቄት በብዙ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ አንጀት ልክ እንደታጠበ ጠርሙስ እስኪጠራ ድረስ ይወርዳል። ምርመራው ራሱ በማደንዘዣ እንቅልፍ ውስጥ አለፈ። በቀኝ በኩል አንዲት ፖሊፕ አገኙ፤ እንደ ትንሽ እንጉዳይ ያለች ሥጋ ናት። በሽቦ ቀለበት ቆርጠው እዚያው አወጧት። ካንሰር አልነበረችም። ዶክተር ሃሺም ምስሏን አሳየኝና የእኔም ዕጢ ከብዙ ዓመት በፊት ሲጀምር እንዲህ እንደነበረ፣ ያኔ ቢገኝ ኖሮ ያለ ቀዶ በአንድ ጠዋት ያበቃ እንደነበር ነገረኝ።

ቀጥሎ አንጀቴን መልሶ ገጠመው። ከዚህ ቀዶ በኋላ ሐኪሙ ጠዋት ማታ የሚጠይቅህ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጋዝ ወጣ?» በአራተኛው ቀን፣ ዘነቡ ሾርባ ስታቀርብልኝ፣ ወጣ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ባለቤቴ የጨዋ ልጅ ናት፤ ሰው ፊት ጮክ ብላ አትናገርም። ያን ቀን ግን እልል አለች። በሽተኛ ሊያስታምሙ የመጡ የሱዳን ሴቶች ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ በየአልጋው ራስጌ እልልታውን ተቀበሏት። አንዱ ሽማግሌ በሽተኛ «ወንድ ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሲነገረው ስፌቱን በእጁ ይዞ ሳቀ።

የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር። ዶክተር ሃሺም የአንተ እናትና አባት ልጆች ሁሉ መታየት አለባቸው ብሎኛል። ይህ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል፤ አንዱ ወንድም በአርባ ዓመቱ ግድም ከተያዘ ሌሎቹ ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቀድመው በኮሎኖስኮፒ መታየት ይጀምራሉ፤ ዕድሜያቸው ካለፈም ወዲያውኑ ይታያሉ። እኔ አንድ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ደሴ ይባላል፤ መተማ ነው የሚኖረው። በስልክ ስነግረው ይስቃል።

«እኔ ጤነኛ ነኝ። ደግሞ በዚያ በኩል የሚወጣ እንጂ የሚገባ ነገር የለም።»

«አያ ደሴ፣ እኔም ጤነኛ ነበርኩ።»

«አንተ ትራክተር ትነዳለህ። እኔ በእግሬ ነው የምሄድ።»

ድንበሩ ክፍት በሆነ፣ መንገዱም ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ገላባት ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ ተሻገርኩ። ግቢው ውስጥ ደሴ፣ ሚስቱና ልጆቹ ተሰብስበው ተቀበሉኝ። ከሲታነቴን አይቶ ቀልዱን ጀመረ። ሸሚዜን ፈታሁ። ከደረቴ ሥር እስከ ታች የወረደውን ጠባሳ፣ በግራ በኩል አንጀቴ ወጥቶ የነበረበትን ጉድጓድ አሳየሁት።

«ለዘጠኝ ወር ሰገራዬ በዚህ ነበር የሚወጣው፣» አልኩት። «ንካው።»

ነካው። እጁን ግን አላነሣም። ሚስቱ ማልቀስ ጀመረች።

«አንቺ ተይ እንጂ፣» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መቼ ነው የምንሄድ?» አለኝ።

ጎንደር ድረስ አብሬው ሄድኩ። ዱቄቱን ሲጠጣ ከዚህ ሞት ይሻላል እያለ የሰፈሩን ታቦት ሁሉ ጠራ። ሁለት ፖሊፕ ተገኘበት፤ አንደኛው ትልቅ ነበር። ሁለቱንም አወጧቸው። የፓቶሎጂው ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ አነበበችልን፦ ትልቁ መለወጥ ጀምሯል፤ ካንሰር ግን ገና አልሆነም። «ገና» የምትለውን ቃል ደሴ ሦስት ጊዜ ደገማት። አሁን በቀጠሮው ይታያል፤ በመተማ ገበያ ያገኘውን ሰው ሁሉ ስለ ሰገራው እየጠየቀ አስመርሯል ይሉኛል።

እኔ ወደ ትራክተሬ ተመልሻለሁ። የእግሬ ጣቶች አሁንም ይደነዝዛሉ፤ ፍሬኑን ስረግጥ በዓይኔ ነው የማረጋግጠው። በየጥቂት ወሩ ለሲኢኤ ደም እሰጣለሁ፤ በዓመት ሲቲ ስካን፣ በቀጠሮው ኮሎኖስኮፒ አለ። ድኛለሁ አልልም፤ ሐኪሞቹ አምስት ዓመት ሲያልፍ እናወራለን ይላሉ። ቀጠሮ ሲደርስ አሁንም እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘነቡ ያኔ ስፌቷን ትታ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች።

ዑስማንን፣ ዶክተር ሃሺምን፣ ያችን ነርስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በደም ሥሬ ደሙ የሚዞረውን፣ ስሙን የማላውቀውን የሎሪ ሾፌር እንዲሁ። አደይ ለተብርሃንን ነፍሷን ይማር። ዘነቡን በቃል አልችላትም።

ይህን የምታነብ ሰው፣ ሰገራህን ተመልከት። ጨለማ ጉድጓድ ላይ የምትቀመጥ ከሆነ አልፎ አልፎ በወረቀት እይ። የኪንታሮት ደም ብዙ ጊዜ ደማቅ ነው፣ የካንሰሩ ጠቆር ብሎ ከሰገራው ጋር ይቀላቀላል ይባላል፤ ግን በዓይን መለየት የአንተም የጎረቤትህም ሥራ አይደለም። ሰገራህ ከቀጠነ፣ የሆድህ ጠባይ ከተለወጠና ለሳምንታት ካልተመለሰ፣ ሳትጾም ከከሳህ፣ ያለ ምክንያት ደምህ ካነሰ፣ አትጠብቅ። ምንም ባይሰማህም ወደ ሃምሳ ስትጠጋ የሰገራ ምርመራ አድርግ። በቤተሰብህ የታመመ ካለ ቀደም ብለህ ሂድ። ሳይመረምር ቅባት የሚሰጥህን እምቢ በልና ወደ ሌላ ሂድ። ከረጢት ካደረጉልህ ደግሞ ከረጢት ያለው ሰው ፈልግ፤ አለ፣ በልብሱ ስለሚሸፍነው ነው ያላየኸው። ሐኪሙም ጓንቱን አጥልቆ በጎንህ ተኛ ሲልህ ተኛ። የሚያሳፍርህ ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የሚተርፍልህ ዕድሜ ነው።